ተዋናዩ እንዴት ጠበቃ ሆነ? ስለ ዴል ዩዛርና ስለ ኢንዶኔዥያ የጥብቅና መንገድ

ጥያቄ፦ «ስለ እስያ ሲኒማ ታሪክ ተከታታይ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በ1950 የተሠራው ‹ዳራህ ዳን ዶዓ› የተባለው የኢንዶኔዥያ ፊልም መሪ ተዋናይ ዴል ዩዛር ኋላ ጠበቃ እንደሆነ አነበብኩ። ፊልሙ ገበያ ስላላገኘ ተስፋ ቆርጦ ሕግ መማር የጀመረ ይመስለኛል። የትወና ችሎታው ችሎት ላይ ሳይጠቅመው አይቀርም። ዛሬስ አንድ የጃካርታ ተዋናይ ያንኑ መንገድ ልከተል ቢል ምን ያስፈልገዋል? ሁለቱን ሙያ ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል?»

ምላሽ፦ ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል። ዴል ዩዛር በትወና ኖሮ ኋላ ሕግ የተማረ ሰው አይደለም። ለ«ዳራህ ዳን ዶዓ» (ደምና ጸሎት ማለት ነው) ሲመረጥ የሕግ ተማሪ ነበር። ፊልሙ የመጣው በትምህርቱ መሃል ሲሆን፣ ጥብቅናው ቀድሞ የተያዘው መንገድ መቀጠል ነው። «ፊልም አልሆን ሲለው ሕግ ጀመረ» ብለው ቢጽፉ የሰውየውን ሕይወት ያዛባሉ፤ አልፎም ፊልሙ ለምን ልዩ እንደሆነ አንባቢዎ እንዳይገባው ያደርጋሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ የሕግ ተማሪ ያለ ምንም የፊልም ልምድ መሪ ተዋናይ የሆነው ዳይሬክተሩ እንዲህ ያለ ሰው ስለፈለገ ነው። በ1921 በምዕራብ ሱማትራ ቡኪቲንጊ የተወለደው ኡስማር ኢስማኢል ከዚያ በፊት በ1949 በሆላንዳውያን እጅ ለነበረ ኩባንያ ሁለት ፊልሞች ሠርቶ ነበር፤ በሥራው እየገቡ ስላስቸገሩት ግን አልተደሰተባቸውም። ፔርፊኒ የተባለውን የራሱን ኩባንያ ሲያቋቁም የአሮጌውን ዘመን ፊት መጠቀም አልፈለገም። የቅድመ ጦርነቱ ተዋንያን ብዙዎቹ ከዘዋሪ የቲያትር ቡድኖች የመጡ ስለነበሩ ድምፃቸውም እንቅስቃሴያቸውም ለመድረክ የተሠራ ነበር። ኡስማር በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶ አዳዲስ ሰዎች ጠራ፤ ከመጡትም መካከል ዩዛርን ለሻምበል ሱዳርቶ ሚና ያዘው። ቀረጻው የተጀመረው መጋቢት 30 ቀን 1950 በምዕራብ ጃቫ ነው። ይህ ቀን በፕሬዚዳንት ሃቢቢ የ1999 ውሳኔ ቁጥር 25 የኢንዶኔዥያ ብሔራዊ የፊልም ቀን ሆኗል። ስለዚህ በየዓመቱ በሚከበረው ቀን ካሜራ ፊት ከቆሙት አንዱ ገና ፈተናውን ያልጨረሰ የሕግ ተማሪ ነበር ማለት ነው። በጽሑፍዎ ሊያጎሉት የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

ፊልሙ የሚተርከው ሆላንዳውያን ታኅሣሥ 19 ቀን 1948 ዮግያካርታን ከወረሩ በኋላ ሲሊዋንጊ የተባለው የኢንዶኔዥያ ክፍለ ጦር ቤተሰቡን ይዞ በእግሩ ወደ ምዕራብ ጃቫ ያደረገውን የመልስ ጉዞ ነው። ሱዳርቶ የሚያቅማማ፣ ስሕተት የሚሠራ፣ በፍቅርና በግዴታ መካከል የሚዋልል መኮንን እንጂ እንከን የሌለው ጀግና አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሚና የተማረና ለስላሳ ፊት ያለው ጀማሪ መምረጡ ትክክል ነበር፤ ወታደሮቹን በሙሉ ድምፁ የሚያዝ የመድረክ ሰው ቢሆን ኖሮ ገጸ ባሕርዩ ይሞት ነበር። ከጦሩ ወገን የመጣው ቅሬታም በከፊል ከዚሁ የተነሳ ነው፦ መኮንን ደካማ ሆኖ ታየ ተባለ። በአንዳንድ አካባቢዎችም ፊልሙ እንዳይታይ ተከልክሏል።

ገበያውን በሚመለከት ግምትዎ ግማሽ እውነት አለው። ኡስማር የተነሳው በ30,000 ሩፒያ ገደማ ሲሆን ፊልሙ ያለቀው በ350,000 ሩፒያ ነው። ገንዘቡ ቀረጻው መሃል ላይ ስላለቀ ቶንግ ኪም ምዩ የተባለ የሲኒማ ቤት ባለቤት አበደረው። ፊልሙ በፕሬዚዳንት ሱካርኖ ፊት በቤተ መንግሥት ቢታይም ወጪውን አልመለሰም። ይሁንና ኪሳራው የኩባንያው ነበር። ዩዛርን ከፊልም ያስወጣው ይህ ኪሳራ ነው የሚያሰኝ ምክንያት የለም፤ ምክንያቱም የተዋጣለት ፊልምም ቢሆን በዚያ ዘመን ቤተሰብ የሚያስተዳድር ቋሚ ገቢ አይሰጥም ነበር። ሲኒማ ቤቶቹ በአሜሪካ፣ በፊሊፒንስ፣ በማላያና በህንድ ፊልሞች ተይዘው ነበር። በመጋቢት 1957 የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች ማኅበር መንግሥት ከውጭ ፊልም አልጠበቀንም ብሎ ስቱዲዮዎችን እስከ መዝጋት ደርሷል፤ ፔርፊኒም ከዘጉት አንዱ ነበር። ሕግ እየተማረ ያለ ሰው ይህን ገበያና የሕግ ዲግሪውን አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው።

ወደ ጥብቅና የሚስበው ኃይል ደግሞ ከዚህ ይበረታ ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን የአገሬው ተወላጅ ጠበቃ ብርቅ ነው። ላይደን ሆላንድ ተምሮ የመጣው በሳር ማርቶኩሱሞ በ1923 በመካከለኛው ጃቫ ቴጋል ከተማ ቢሮ ሲከፍት የመጀመሪያው ኢንዶኔዥያዊ ጠበቃ ሆነ። በአገሩ ውስጥ የመጀመሪያው የሕግ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ላይ የተከፈተው በ1924 ነው። በ1942 ጃፓን ስትገባ ተዘጋ። ትምህርቱ እንደገና የቀጠለው በተቆራረጠ መንገድ ነው፦ በ1946 በአዲሱ የኢንዶኔዥያ ሪፐብሊክ እጅ በነበረችው ዮግያካርታ፣ ጃካርታ ላይ ደግሞ በሆላንዳውያኑ ዩኒቨርሲቲ፤ በ1950 መጀመሪያም የኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። የአንድ ትውልድ ትምህርት በጦርነት ምክንያት ተስተጓጉሏል። ዩዛር የዚህ ትውልድ ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን የሕግ ተማሪነት ከዛሬው ይልቅ እጅግ ጠባብ በር ነበር።

በሩን ያለፉትን ሥራው በጉጉት ይጠብቃቸው ነበር። በ1951 አስቸኳይ ሕግ ቁጥር 1 ለአውሮፓውያንና ለአገሬው ሰው ተለያይተው የነበሩት ፍርድ ቤቶች አንድ ወጥ ሆኑ። ስለዚህ በየከተማው ዳኛ፣ ዓቃቤ ሕግና ጠበቃ ተፈለገ። ሆላንዳውያን ጠበቆች ቀስ በቀስ ወጡ፤ በታኅሣሥ 1957 በሆላንድ እጅ በቀረችው በምዕራብ ኢሪያን (ምዕራብ ኒው ጊኒ) ጠብ የሆላንድ ድርጅቶች ሲወረሱና ዜጎቻቸው ሲባረሩ ደግሞ የቀሩትም ሄዱ። ክፍተቱን በከፊል የሞሉት «ፖክሮል ባምቡ» የሚባሉት ናቸው፤ ሕግ ሳይማሩ በልምድ የሰው ጉዳይ ይዘው የሚሟገቱ ወኪሎች ናቸው። የአገሬው የሥነ ሥርዓት ሕግ ተከራካሪው የፈለገውን ሰው ወኪል እንዲያደርግ ስለሚፈቅድ ሥራቸው ያን ጊዜ ሕገ ወጥ አልነበረም። በዚህ ገበያ ዲግሪ ያለው ሰው ዋጋው ከፍ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን ላርም። ዛሬ የምናውቀው የጠበቆች ማኅበር ፈተናና የሁለት ዓመት ልምምድ በዩዛር ዘመን አልነበረም። ጥብቅናን ይገዛ የነበረው በ1847 የወጣው የሆላንዳውያን የፍርድ ቤት አደረጃጀት ደንብ ነው። የሕግ ዲግሪ ያለው ሰው በፍትሕ ሚኒስትሩ ተሹሞ፣ ቃለ መሐላ ፈጽሞ በመላ አገሪቱ ይሠራል፤ ከዚያ ዝቅ ያለው ባለሙያ በአንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈቃድ በዚያው ፍርድ ቤት ክልል ብቻ ይከራከራል። ይህ ባለ ሁለት እርከን አሠራር እስከ 2003 ዘልቋል። ስለዚህ የዛሬውን ሥርዓት ወስደው በ1950ዎቹ ሰው ላይ አይጫኑት።

ጥብቅናው የተደላደለ ወንበር ነበር ብለው እንዳይጽፉም አደራ። ከ1957 በኋላ በመጣው የሱካርኖ «የተመራ ዴሞክራሲ» ዘመን የፍርድ ቤቶች ነፃነት እየተሸረሸረ ሄዶ፣ የ1964ቱ ሕግ ቁጥር 19 ፕሬዚዳንቱ በፍርድ ሂደት ጣልቃ መግባት እንዲችል በግልጽ ፈቀደ። ጠበቆቹ በዚያው ዓመት ነሐሴ 30 ቀን ሶሎ ላይ ፔራዲን የተባለውን ማኅበራቸውን መሠረቱ። ከ1965ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ በልዩ ወታደራዊ ችሎት የቀረቡትን ተከሳሾች፣ ሕዝብ የሚጠላቸውን ጭምር፣ ከጎናቸው ቆመው የተከራከሩት የዚህ ማኅበር ሰዎች ናቸው። ያፕ ቲያም ሂየን ለቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሱባንድሪዮ መቆሙ የዚያ ዘመን ትልቁ ምሳሌ ነው። ከካሜራ ወደ እንዲህ ያለ ችሎት መግባት የተመቸ ሕይወት መምረጥ አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ግምትዎ ስመጣ፣ ትወና ችሎት ላይ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ በአብዛኛው ከአሜሪካ ፊልም የተወሰደ ነው። ኢንዶኔዥያ የአህጉር አውሮፓን የሕግ ሥርዓት የምትከተል አገር ናት። ከሕዝብ ተመርጦ የሚፈርድ ዳኛ (ጁሪ) የለም፤ እንደ እኛው አገር የሚፈርደው የተማረ ዳኛ ነው፤ በተለመደው ጉዳይ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። የፍትሐ ብሔር ክርክር ደግሞ የወረቀት ክርክር ነው፦ ክስ፣ መልስ፣ የመልስ መልስ፣ ለዚያ የሚሰጥ ተጨማሪ መልስ፣ ከዚያ ማስረጃ፣ በመጨረሻም የክርክር ማጠቃለያ። የጽሑፍ ልውውጡን ቀጠሮ በቅርብ ያየ ሰው ይገባዋል። ጠበቃው ተጠርቶ ይገባል፤ አንዱን ቅጂ ለዳኞቹ፣ አንዱን ለተቃራኒ ወገን ይሰጣል። ሰብሳቢው ዳኛ ይነበብ እንደሆነ ሲጠይቅ «እንደተነበበ ይቆጠር» ይላል፤ ቀጣዩ ቀጠሮ ይነገራል፤ በቃ፣ ወጣ። ወረፋ ለመጠበቅ ግማሽ ቀን ሲሄድ ችሎቱ ፊት የሚቆመው ለደቂቃዎች ነው። ከ2018 ወዲህ በመጣው የኤሌክትሮኒክ ፍርድ ቤት አሠራር ይህችም ቀርታ ጽሑፉ በኮምፒውተር ይላካል። ድምፁን የት ያሰማል?

በወንጀል ጉዳይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ዓቃቤ ሕጉ የሚጠይቀውን ቅጣት ካነበበ በኋላ ጠበቃው የመከላከያ ንግግሩን ቆሞ ያነባል፤ እዚያ ላይ አነባበብ ዋጋ አለው። ምስክር ሲጠየቅም የሰውን ፊትና ዝምታ ማንበብ የለመደ ሰው ይጠቀማል። ረጅም ጽሑፍ በቃል መያዝና በጩኸት መሃል አለመደናገጥም ከትወና የሚገኙ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። የሚጎዳው ደግሞ ማጋነን ነው፦ በዳኛ ፊት ስሜት የሚጫወት ጠበቃ ማስረጃ ያነሰው ይመስላል፤ የሚከፍለውም ደንበኛው ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ተዋናይ። ነገሩን የሚገዛው የ2003ቱ የጠበቆች ሕግ ቁጥር 18 ሲሆን ሚያዝያ 5 ቀን 2003 ወጥቶ የ1847ቱን ደንብ የጥብቅና አንቀጾች ሽሯል። የመጀመሪያው መሰላል ዲግሪው ነው። የኢንዶኔዥያ የመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 144 ክሬዲት ይጠይቃል፤ ሙሉ ጊዜ ለሚማር አራት ዓመት ይፈጃል። ለሚሠራ ሰው የማታና የቅዳሜና እሑድ ክፍሎች አሉ፤ በርቀት የሚያስተምረው ቴርቡካ ዩኒቨርሲቲም የሕግ ትምህርት ይሰጣል። ሕጉ ከሕግ ፋኩልቲ በተጨማሪ የእስልምና ሕግ፣ የወታደራዊ ሕግና የፖሊስ ሳይንስ ምሩቃንን ይቀበላል። የፊልም ወይም የኮሙኒኬሽን ዲግሪ ያለው ተዋናይ በአጭር ኮርስ እሸጋገራለሁ ካለ ተሳስቷል፤ ሕጉን ከሥሩ መማር አለበት።

ከዲግሪው በኋላ የጠበቆች ማኅበር ከሕግ ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ የሚሰጠው ልዩ የሙያ ሥልጠና ይመጣል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በወሰነው መሠረት ትምህርት ቤቱ ቢያንስ የ«ቢ» ደረጃ ዕውቅና ያለው መሆን አለበት፤ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን ማጣራት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ማኅበሩ የሚያወጣው ፈተና አለ። የምርጫ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የውክልና ሥልጣን ሰነድና የክስ ማመልከቻ በእጅ አርቅቆ ማሳየትን ይጨምራል። ተዋንያን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው ቢባል አይገርምም፤ የቃል ችሎታ የማርቀቅ ችሎታን አይተካምና።

ዋናው እንቅፋት ግን ልምምዱ ነው። ሕጉ ከዲግሪ በኋላ በጠበቃ ቢሮ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ መለማመድን ያዛል። በአንድ ቢሮ መሆን አይጠበቅበትም፤ ቢሮ መቀየር ይችላል፤ መቋረጥ ግን የለበትም። ተለማማጁ ብቻውን ጉዳይ ይዞ አይቆምም፤ ልምድ ካለው ጠበቃ ጋር ይገባል፣ ያረቅቃል፣ ይመዘግባል። የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በኢንዶኔዥያ ብዙ ጊዜ በየቀኑ እየተቀረጸ በየቀኑ የሚተላለፍ ነው፤ ቀረጻው ሌሊቱን ይገባል፣ ተዋናዩ ከጣቢያው ፈቃድ ውጭ ዞር ማለት አይችልም። ይህና ጠዋት ጠዋት የሚዋለው ችሎት አንድ ላይ አይሄዱም። ታዲያ አንዳንዱ ሰው ቢሮ ሳይገባ የልምምድ ማስረጃ ብቻ አስፈርሞ ለመሐላ ይቀርባል። ይህ የሐሰት ሰነድ ማቅረብ ነው። ፊቱ በየቤቱ የሚታወቅ ሰው ደግሞ በዚያ ሁለት ዓመት የት እንደነበረ የሚመሰክርበት የቀረጻ መዝገብ ሞልቷል፤ ተቃራኒ ወገን ይህን ያገኘ ቀን የጠበቃውም የደንበኛውም ጉዳይ አደጋ ላይ ይወድቃል።

የቀሩት መስፈርቶች አጭር ናቸው፦ የኢንዶኔዥያ ዜግነትና ነዋሪነት፣ ቢያንስ 25 ዓመት ዕድሜ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ባለሥልጣን አለመሆን፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ተፈርዶበት አለማወቅ፣ መልካም ጠባይ። ይህ ከተሟላ በሚኖርበት ክልል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በግልጽ ችሎት ይምላል። መታወቂያው የአንዱ ክልል፣ ኑሮው የሌላው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ይጉላላል፤ ስለዚህ አድራሻውን አስቀድሞ ያስተካክል። ከመሐላው የሚያገኘውን ቃለ ጉባኤ ዋናውን ቅጂ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ፦ ዳኛ ከማኅበሩ መታወቂያ ጋር አሳየኝ ካለውና ከሌለው ያን ቀን አይከራከርም። በወንጀል ችሎት ጥቁሩን ካባ መልበስም ግዴታ ነው።

ማኅበርን በሚመለከት ልዩ ጥንቃቄ አለ። ሕጉ አንድ ማኅበር እንዲኖር አስቦ በ2004 ፔራዲ ተመሠረተ፤ በ2015 የማካሳር ጉባኤ ግን ሦስት ቦታ ተከፈለ። በዚያው ዓመት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በደብዳቤ ቁጥር 73 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች ከየትኛውም ማኅበር የሚቀርብ ዕጩን ማስማል እንደሚችሉ አሳወቀ። ውጤቱ የማኅበራት መብዛት ነው። ቀላል ፈተናና አጭር መንገድ የሚሰጠውን መምረጥ ያጓጓል፤ ነገር ግን ዲሲፕሊኑ የላላ ማኅበር ስም ያለበት መታወቂያ በደንበኛም በትልልቅ ቢሮዎችም ዘንድ ክብደት የለውም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል ወይ? ሕጉ ትወናን በስም አይከለክልም። አንቀጽ 20 የሚከለክለው ከሙያው ክብርና ጥቅም ጋር የሚጋጭ ኃላፊነትን፣ እንዲሁም ጊዜና አገልግሎት በመጠየቅ ሙያውን የሚጎዳ ወይም ነፃነቱን የሚቀንስ ሥራን ነው። በዓመት አንድ ፊልም መሥራት ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ በየቀኑ የሚተላለፍ ድራማ ውስጥ ተቀጥሮ ቀጠሮ የሚያስቀር ጠበቃ ግን ከአንቀጹ ሥር ይገባል። ሁለቱን ያጣመሩ ሰዎች አሉ፤ የታወቀው ምሳሌ ሩሁት ሲቶምፑል ነው። እሱም ቢሆን እርስዎ ከገመቱት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው የሄደው፦ ጠበቃ ሆኖ ሳለ «ገርሃና» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ፖልታክ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ በመጫወት አገር አወቀው፤ በ2009 ደግሞ ለምክር ቤት ተመረጠ። ያው አንቀጽ 20 የመንግሥት ባለሥልጣን የሆነ ጠበቃ በሥልጣን ላይ እስካለ ጥብቅና እንዳይሠራ ይደነግጋል።

ለታዋቂ ሰው አደገኛው ግን የ2002ቱ የሥነ ምግባር ደንብ አንቀጽ 8 ነው። ሰው ለመሳብ ማስታወቂያ ማሠራት ክልክል ነው፤ ከመጠን ያለፈ የቢሮ ታፔላ እንኳ በክልከላው ውስጥ አለ። በያዘው ወይም በጨረሰው ጉዳይ ስለ ራሱ ሥራ በመገናኛ ብዙኃን ዝና መፈለግም እንዲሁ፤ የተፈቀደው የሕግ መርሕ ለማስከበር የሚሰጥ መግለጫ ብቻ ነው። የታዋቂ ሰዎችን ወሬ የሚያሳድዱ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ማይክ ይዘው ፍርድ ቤት በር ላይ በሚጠብቁበት አገር ተዋናይ የሆነ ጠበቃ ይህን መስመር ሳያውቀው ያልፋል። በድራማ ውስጥ ጠበቃ ሆኖ መጫወት ችግር የለውም። የደንበኛን ታሪክ ወስዶ ለስክሪፕት መስጠት ግን ምስጢር መጠበቅን የሚያዘውን የጠበቆች ሕጉን አንቀጽ 19 መጣስ ነው፤ ስም መቀየሩ ታሪኩን የሚያውቁትን አያታልልም። የሚያሠራው የፊልም ድርጅት በሌላ ጉዳይ ከደንበኛው ጋር ቢጋጭም ጥቅም ይጋጫልና ከጉዳዩ መውጣት አለበት። ቅጣቱ ከቃል ማስጠንቀቂያ ተነስቶ፣ ከ3 እስከ 12 ወር ከሥራ መታገድን አልፎ፣ እስከ መጨረሻው መሰናበት ይደርሳል።

አንባቢዎችዎ ኢትዮጵያውያን ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጃካርታ ተቀምጦ የሕግ ዲግሪ ለያዘ የውጭ ዜጋ ይህ መንገድ ዝግ ነው። የጠበቆች ሕጉ አንቀጽ 23 የውጭ አገር ጠበቃ ችሎት እንዳይቆምና ቢሮ እንዳይከፍት ይከለክላል፤ በመንግሥት ፈቃድ በአገሬው ቢሮ ውስጥ በባለሙያነት መቀጠር ግን ይችላል።

ለጽሑፍዎ ፍለጋ ሲያደርጉ ስሙ ይፈትንዎታል። በ1972 የኢንዶኔዥያ የአጻጻፍ ሥርዓት ስለተቀየረ የድሮ ጋዜጦች ላይ «ዩ» የሚነበበው በሌላ ፊደል ነው የተጻፈው፤ በሁለቱም አጻጻፍ ይፈልጉ። በዘመኑ የሕግ ምሩቅ ማዕረጉን ከስሙ በፊት ኋላም ከስሙ በኋላ ይጽፍ ነበርና አንዱን ሰው ሁለት ሰው አድርገው እንዳይቆጥሩት። የፊልሙ ሰነዶች የሚገኙት በ1975 ሚስባህ ዩሳ ቢራን ባቋቋመው ሲኔማቴክ ኢንዶኔዥያ ነው፤ ጃካርታ ኩኒንጋን፣ በኡስማር ኢስማኢል ስም በተሰየመው የፊልም ማዕከል ሕንፃ ውስጥ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኢንተርኔት የውሳኔ ማኅደር በአብዛኛው የቅርብ ዓመታት ስለሆነ ለ1950ዎቹና ለ60ዎቹ የታተሙ የፍርድ ጥራዞችን ማገላበጥ ይሻላል፤ የጠበቃው ስም የሚሰፍረው ከተከራካሪው ስም ሥር ነው።

እንግዲህ የሕይወት ታሪኩን ከሕግ ተማሪነቱ ይጀምሩት፤ ፊልሙን መሃል ላይ ያስገቡት፤ ተስፋ መቁረጥ የሚለውን ሙሉ በሙሉ ያውጡት። ለዛሬው ተዋናይ የምመክረው ደግሞ አንድ ነው። ዲግሪውን እየተወነ ይማር፣ ይቻላል። ለልምምዱ ሁለት ዓመት ግን ምንም ተከታታይ ድራማ አይፈርም፤ ከዚያ በታች የሚደረግ ማንኛውም ማጣበቂያ ኋላ ይፈርሳል። ከመሐላው በኋላ አጭር ቀረጻ ያላቸውን ፊልሞች ብቻ ይውሰድ፤ ከካሜራ ውጭ ስለ ያዘው ጉዳይ አንድ ቃል አይናገር፤ የትወና ውል ሲቀርብለትም የችሎት ቀጠሮ ከቀረጻ ቀን እንደሚቀድም የሚገልጽ አንቀጽ እስኪገባበት ድረስ ፊርማውን አያኑር።